የሶሎንጎ አጥንት

ፀረንሃንድን ገና በልጅነቷ ግንድ ያሏት ከዋናው ከተማ የመጡ ሰዎች ናቸው። ያኔ ለሰርከስ የሚሆኑ፣ ወገባቸው እንደ እርጥብ ጠፍር የሚታጠፍ ሴት ልጆችን ፍለጋ አገሩን ይዞሩ ነበርና፣ አንድ ቀን አርሃንጋይ በሚባለው ገጠር ካለው ከነፀረንሃንድ ትምህርት ቤት ደረሱ። ልጆቹን በስስ ሹራብ አሰልፈው ጀርባቸውን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየገፉ አዩ። ፀረንሃንድ ጋ ሲደርሱ አንደኛው ሰውዬ ትከሻዋን ይዞ ገፋ፣ ደግሞ ገፋና ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ “ይቺስ ግንድ ናት። ለማገዶ ካልሆነች ለመድረክ አትሆንም” አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ አስተማሪያቸውም አብሮ ሳቀ። አጠገቧ የቆመችው ልጅ ተመርጣ ሄደች። ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያች ልጅ ፎቶ፣ በእጆቿ ቆማ እግሮቿን በራሷ ላይ አሳልፋ ፈገግ እንዳለች፣ ቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሞ በየሰው ቤት ተሰቀለ። ፀረንሃንድ ተድራ በገባችበት ጌር፣ በዚያ ክብ የሱፍ ቤት ውስጥም፣ ከበሩ ትይዩ የተሰቀለው ይኸው ነበር።

“ይቺን ታውቂያታለሽ?” አለቻት አማቷ ሴብጂድ፣ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት። “ያገርሽ ልጅ ናት አሉ። እንዲህ ያለች ልጅ የወለደ ማህፀን ይባረክ።”

“አላውቃትም” አለች ፀረንሃንድ።

ሁለቱ ሴቶች ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተዋደዱም። ሴብጂድ ለልጇ በልቧ ያጨችለት ሌላ ነበረች፤ ፈረስ የምትገራ፣ ድምፅዋ ሸለቆ የሚሻገር የጎረቤት ልጅ። የመጣችላት ግን አንገቷን ደፍታ የምትሰፋ፣ ሲናገሯት የምትቀላ፣ ቂም የማትረሳ ሴት ሆነች። ባሏ ጋንሱህ ደግሞ ለስላሳ ሰው ነው። እናቱ ስትጮህ ፈረሱን ይጭናል፤ ሚስቱ ስታለቅስም ፈረሱን ይጭናል። ፈረሱ ነው ከሁሉም በላይ የተሠቃየው።

ኋላ ያ ከብት ጨራሽ ብርድ መጣ። ሣሩ ከበረዶው ሥር እንደ ተቆለፈ ቤት ሆነ። በጎቹ እንደቆሙ ሞቱ፤ ፈረሱም ሞተ። በረዶው ሲቀልጥ የተረፈችው አንዲት ላም ብቻ ነበረች። ጌሩን ነቅለው ጭነው ወደ ዋናው ከተማ ወደ ኡላንባታር መጡና፣ እንደ እነሱ ከብቱ ያለቀበት ሰው ሁሉ ከሰፈረበት፣ ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ተከሉ። ጋንሱህ ወርቅ ወደሚቆፈርበት ወደ ደቡብ ሄደ። መጀመሪያ መልእክት ይልክ ነበር፤ ከዚያ ተወው። ሌላ ቤት ሠራ የሚል ወሬም መጣ። ወሬውን ሁለቱም ሰሙት፤ አንዳቸውም ለሌላዋ አላነሱላትም። እንዲህ ሆኖ ነው አማትና ምራት፣ የሚያስታርቅም የሚያጣላም ወንድ በሌለበት፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ከአንዲት ልጅና ከአንዲት ላም ጋር የቀሩት።

ልጅቱ ሶሎንጎ ናት። ገና በእግሯ ሳትሄድ የእግሯን አውራ ጣት አፏ ውስጥ ትከት ነበር። ይሄንንማ ሕፃን ሁሉ ያደርገዋል፤ ሶሎንጎ ግን አልተወችውም። በአምስት ዓመቷ ሆዷ ላይ ተኝታ ተረከዟን ከጆሮዋ ታገናኛለች። እናቷ የሱፍ ቦት ጫማ እየሰፋች ታያታለች፤ መርፌው በአየር ላይ ይቀራል። ያቺ ቀን፣ ያ “ግንድ” የሚለው ቃል፣ የነዚያ ልጆች ሳቅ ትዝ ይላታል። አምላክ ዕዳውን ሊከፍለኝ ነው ብላ አሰበች።

ወደ ከተማው ወረደችና ከባህል አዳራሹ ምድር ቤት መተጣጠፍ ለምታስተምረው ለያንጅማ ሰጠቻት። ያንጅማ በዘመኗ ስም የነበራት ተጣጣፊ ናት፤ ብዙ አገር ዞራ በጭብጨባ የተሸኘች። አሁን አንድ ዳሌዋ አልታዘዝ ብሏት በከዘራ ትሄዳለች። አዲስ እናት በመጣች ቁጥር የምታሳያት አንድ የመስታወት ዕቃ ነበራት፤ በውስጡ ኮምጣጤ፣ በኮምጣጤው ውስጥ የበግ የጎድን አጥንት። አጥንቱን አውጥታ እንደ ጎማ ታጥፈዋለች።

“አየሽ? ይሄ ነው የኛ ሥራ” አለቻት ፀረንሃንድን። “ወተት አጥንት ያደነድናል። የደነደነ አጥንት ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ስለዚህ ወተት የለ፣ እርጎ የለ፣ አይብ የለ። ጠዋት በባዶ ሆዷ አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ። ፀሐይም ይቅርባት፤ በመብራት ሥር የጠቆረ አንገት ያስጠላል። እኔንም እንዲህ ነው ያሳደጉኝ።”

ፀረንሃንድ ያንን የሚታጠፍ አጥንት ተቀብላ ራሷም አጠፈችው። ትምህርቷ ጥቂት ነው፤ ደግሞ በዓይኗ ያየችውን እንዴት አትመን? እሷ ልጅ ሆና ከወተትና ከደረቅ አይብ በቀር ምን ትበላ ነበር? ግንድ ያደረጋት ለካ ይሄ ነው! ቤቷ ስትገባ ቁጣዋ በአማቷ ላይ ሆነ፤ ልክ ሴብጂድ ራሷ በልጅነቷ ያን ወተት የጋተቻት ይመስል።

ሴብጂድ ደግሞ ወተት ነፍሷ ነው። ማለዳ ላሟን አልባ፣ ከመጀመሪያው ወተት ጭልፋ ሞልታ ትወጣና ወደ ሰማይ ትረጫለች፤ እሷ ሳትረጭ ማንም አይቀምስም። በብርዱ ወራት ኮረብታው ሁሉ የድንጋይ ከሰል ስለሚያነድ ጭሱ ከራስ በላይ ተጋድሞ ሰማይ የሚባል ነገር አይታይም፤ እሷ ግን ወደ ጭሱም ቢሆን ትረጫለች። ምራቷ ልጅቱ ነጭ ነገር፣ ማለትም የወተት ዘር፣ እንዳትቀምስ ስትል መጀመሪያ የምትቀልድ መስሏት ሳቀች።

“የሞንጎል ልጅ ወተት አትጠጣ? ታዲያ ምን ልትጠጣ ነው?”

“ጠዋት ጠዋት ኮምጣጤ።”

“ኮምጣጤ! ቆዳዋን ልታለፉት ነው እንዴ?”

“መምህሯ ያዘዘችው ነው። እርስዎ ስለ ላም ያውቃሉ፤ ስለዚህ አያውቁም።”

“ስለ ላም የማውቀውን ያህል ስለ ልጅሽ ብታውቂ በታደለች” አለች አሮጊቷ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ሰላም ጠፋ።

ሴብጂድ ደረቅ አይብ በልጅቱ እጅጌ ውስጥ ትደብቃለች። ልጅቱ ግን ራሷ የመምህሯን ቃል እንደ ጸሎት የያዘች ናት፤ አይቡን ለሰፈር ልጆች ታድላለች። አያቷ ይሄን ስታውቅ ያለቀሰችው ለቅሶ ለብቻው ነው። ፀረንሃንድ ሰማች፤ ደስ አላት። እውነቱ ይሄ ነው፤ ደስ አላት።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሶሎንጎ ዐሥራ ሦስት ሞላት፤ ቁመቷ መርዘም የጀመረበት ጊዜ ነው። ጠዋት ሳይነጋ ወደ ትምህርት ቤት ትወርዳለች፤ ከትምህርት ቤት ወደ ምድር ቤቱ፤ ከምድር ቤቱ ስትወጣ መሽቷል። የሙቀቱ ወራት ሲመጣ እንኳ እናቷ ሻሽ አስራላት፣ ጓንት አጥልቃላት፣ በጥላ በጥላ ትሄዳለች። ፊቷ እንደ ሻማ ነጣ። ሰፈሩ “የከተማ ንግሥት” ይላታል፤ እናቷ በልቧ ትኮራለች።

በዚያው ዓመት፣ መጀመሪያ እግሯን አመማት። ማታ ማታ ቅልጥሟን እያሸች ትቀመጣለች። ኮረብታውን ስትወጣ እንደ ዳክዬ ግራ ቀኝ ትላለች። ከተቀመጠችበት ለመነሳት እጇን ጭኗ ላይ ተክላ ነው የምትነሳው።

“እይያት” አለች ሴብጂድ። “ከኔ ጋር እኩል ነው የምትነሳው። እኔ ሰባት ወልጄ ስድስት ቀብሬ ነው፤ እሷ ምን ሆና ነው?”

“ደክሟት ነው። ሥራ የሚሠራ ሰው ይደክመዋል።”

“ሥራ የሚሠራ ሰው ይበላል።”

“እማማ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ።”

“በገዛ ቤቴ?”

“ጌሩን የጠገንኩት እኔ ነኝ፤ ገመዱም ሱፉም የኔ ነው። የእርስዎ የቀረው ምሰሶው ነው።”

እንዲህ ያለ ነገር ለአማት አይባልም። ፀረንሃንድ ግን አለችው።

ነጩ ወር ደረሰ፤ አዲስ ዓመት ማለት ነው። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ታናሽ ታላቁን በክንዱ ደግፎ ሰላም ይላል፤ ከዚያ ነጭ ምግብ ይቀምሳል። በዚያ ጠዋት ወተት እምቢ ያለ ሰው በምድር ላይ የለም። ፀረንሃንድም ይሄን ታውቃለች፤ ስለዚህ ልጅቱን “ከንፈርሽን ብቻ አስነኪው” ብላ መክራታለች። ጎረቤት ተሰብስቧል። ሴብጂድ ሰማያዊ ሐር በሁለት እጇ ዘርግታ፣ በላዩ የብር ጽዋ አድርጋ፣ ጽዋውን እስከ አፉ ሞልታ ለልጅ ልጇ አቀረበች።

“ጠጪ፣ የኔ ልጅ። ሁሉንም።”

ሶሎንጎ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ከንፈሯን አስነካች።

“ሁሉንም አልኩሽ።”

“በቃት፣ እማማ” አለች ፀረንሃንድ፣ እጇንም ወደ ጽዋው ዘረጋች። ያኔ የልጅቱ ጣቶች ባንድ ጊዜ ተቆለፉ። አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ገባ፤ የቀሩት ተጣብቀው እንደ ወፍ ምንቃር ሾጠጡ። ጽዋው ወደቀ። ወተቱ በምንጣፉ ላይ፣ በምድጃው አመድ ላይ፣ በእንግዶቹ እግር ሥር ፈሰሰ።

እንግዶቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። በነጩ ወር ጠዋት ወተት በእግር ሥር ማፍሰስ!

“እጇን አየሽ?” አለች ሴብጂድ። “ሰማይ እጇን አሰረው። ወተቱን የነጠቅሽው አንቺ፣ የታሰረችው ልጅቱ።”

“ረግመዋት ነው!” ብላ ጮኸች ፀረንሃንድ በሰው ሁሉ ፊት። “በጭልፋ የሚረጩት ምርቃት መስሎኝ ነበር። ለካ ልጄን ሲያስሩብኝ ኖረዋል!”

ሶሎንጎ በመሃላቸው እጇን ወደ ላይ ይዛ ታለቅሳለች፤ “ያመኛል፣ ያመኛል” ትላለች። ሁለቱም አልሰሟትም። እንግዶቹ አንድ በአንድ ሾልከው ወጡ። እጇ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ተፈታ።

ከዚያ ሴብጂድ ጸሎት የሚያደርስ መነኩሴ፣ ላማ፣ ልትጠራ ተነሳች፤ ፀረንሃንድ ልጅቱን ይዛ ወደ ያንጅማ ሮጠች። ያንጅማ እጇን በፍየል ስብ አሸችላትና “ጅማት ነው፤ አትቅበጪ” አለቻት። ልጅቱ በሁለት አጫጭር ቋሚዎች ላይ በእጆቿ ቆማ ወገቧን ስታጥፍ እጁ እንደገና ተቆለፈ፤ ተገልብጣ ወደቀች። ያንጅማ በከዘራዋ ወለሉን መታች።

“በጸደይ ከውጭ አገር ትልቅ ሰርከስ ልጅ ሊመርጥ ይመጣል። ወደ ሐኪም ሂዱም ወደ ገሃነም ሂዱም፣ ጠግናችሁ አምጡልኝ።”

ፀረንሃንድም ልጇን ሐኪም ቤት የወሰደቻት ለዚህ ነው፤ ለመድረክ ልታስጠግናት። ሴብጂድ ማንም ሳይጠራት ተከትላ ሄደች። በአውቶቡሱ ውስጥ አንዷ ፊት፣ አንዷ ኋላ ተቀመጡ።

ሐኪሟ ቦሎርማ የምትባል፣ ወፍራም፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ደም አስወሰደች፣ የልጅቱን እግር ራጅ አስነሳች። ከጥቂት ቀን በኋላ ሦስቱንም አስቀምጣ ነገሯን ጀመረች።

“ደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም በጣም ዝቅ ብሏል። እጇን የሚቆልፈው እሱ ነው፤ ካልሲየም ሲያንስ ጡንቻ ያብዳል። ቫይታሚን ዲ ደግሞ የለም ብል ይሻለኛል። ፀሐይ ቆዳችንን ስትመታ የሚሠራ ነገር ነው። ያ ከሌለ የበላችው ካልሲየም በሆዷ አልፎ ይሄዳል እንጂ አጥንቷ አይገባም። ልጅቱ ምንድን ነው የምትበላው?”

“ሥጋ፣ ዱቄት፣ ድንች... ኮምጣጤ” አለች ፀረንሃንድ።

“ኮምጣጤ ምን ያደርጋል?”

ፀረንሃንድ ስለዚያ የጎድን አጥንት ነገረቻት፤ እንዴት እንደሚታጠፍ በእጇም አሳየቻት። ሐኪሟ ዓይኗን ጨፍና ሰማቻት።

“ያ የሞተ በግ ነው፣ እህቴ። ልጅሽ በሕይወት አለች። ሰው የሚታጠፍ በመገጣጠሚያውና በጡንቻው ነው፤ አጥንት ሥራው መቆም ነው። በርግጥ የልጅሽ አጥንት ለስልሷል፤ እንኳን ደስ ያለሽ።”

ፀረንሃንድ ፊቷ ነደደ። ሴብጂድ ግን ከወንበሯ ብድግ አለች።

“ነግሬያት ነበር! ወተት ስጪያት ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነግሬያታለሁ! ይሄን ሁሉ ዓመት...”

“እማማ፣ ይቀመጡ። እርስዎስ ፀሐይ አስመትተዋት ያውቃሉ?”

“ጎረቤታችን ቤት መስኮት ሥር አስቀምጣት ነበር። በመስታወቱ ደህና አድርጎ ይሞቃል።”

“ሙቀቱ ያልፋል፤ የሚያስፈልጋት ጨረር በመስታወት አያልፍም።”

“ታዲያ በዚህ ብርድ ገላዋን ገልጬ ደጅ ላቁማት?”

“በብርዱ ወራትማ ብታወጧትም ፀሐያችን አቅም የላትም፤ ጭሱም አለ። ለዚህ ነው ጠብታ የማዝላት። ሙቀቱ ሲመጣ ግን ክንዷን ገልጣ ትውጣ፤ ያኔ ነው ገላዋ ለብርዱ ወራት የሚያጠራቅመው። እርስዎ ወተቱን ብቻ ቢግቷት ኖሮም እንዲሁ ትታመም ነበር። እሷ ሻሽ ስታስርላት እርስዎ የት ነበሩ?”

አሮጊቷ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ያን ያህል ዘመን የታገለችበት ወተት ግማሽ መንገድ ብቻ ሆኖ መገኘቱ ከስድብ በላይ አመማት። ፀረንሃንድም አየቻትና፣ ምንም በራሷ ላይ እሳት ቢነድ፣ ትንሽ ቀለል አላት።

ሐኪሟ ራጁን ወደ ብርሃን አነሳች። ከልጅቱ ጉልበት በታች፣ በቅልጥሟ ላይ፣ ቀጭን መስመር ይታያል።

“ይሄ ሊሰነጠቅ የሚያስብ አጥንት ነው። እስከ ሙቀቱ ወራት ድረስ መተጣጠፍ የለም፣ መዝለል የለም። ሴት ልጅ አጥንቷን የምታከማችበት ዕድሜ ይሄ ነው። አሁን ያላስገባችውን በሠላሳ ዓመቷ ብታለቅስ አታገኘውም።”

“ምርጫው በጸደይ ነው” አለች ሶሎንጎ። በዚያ ክፍል ውስጥ የተናገረችው ይሄን ብቻ ነው።

ጠብታው ተጀመረ፤ እንደ ጠመኔ ያለ የካልሲየም ክኒንም ታኝካለች። ሴብጂድ ወተቱን አፍልታ ጽዋውን ከፊቷ ታኖራለች፤ ፀረንሃንድ ዓይኗን ወደ መርፌዋ አድርጋ ያላየች ትመስላለች። በረዶው ሳይቀልጥ የልጅቱ እጅ መቆለፉን ተወ። እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። እንግዲህ ነገሩ የከፋው ሲሻላት ነው፤ ምክንያቱም ያንጅማ መሻሏን ሰማች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዘራዋን እየተከለች ኮረብታውን ወጥታ መጣች። ሴብጂድ እንደ ሥርዓቱ ጨው ያለው የወተት ሻይ አቀረበችላት። ያንጅማ ጽዋውን በጣቷ ገፋችው።

“ወተት አልቀምስም።”

“ሲያዩሽም ያስታውቃል” አለች ሴብጂድ ከዘራውን እያየች።

ያንጅማ ያልሰማች መስላ ወደ ፀረንሃንድ ዞረች። “ልጅቱን ከነገ ጀምሮ ላኪያት።”

“ሐኪሟ እስከ ሙቀቱ...”

“ሐኪሟ ውጭ አገር ትልክልሻለች? ሐኪሟ ከዚህ ጭስ ታወጣሻለች? በአዳራሹ ውስጥ እንደሷ ያለ ወገብ የለም። አንድ ቀን ነው፣ አንድ ትርኢት ነው። ከተመረጠች በኋላ የፈለጋችሁትን ጠብታ አንጠባጥቡላት።”

“እሄዳለሁ” አለች ሶሎንጎ ከአልጋዋ ላይ። “እማዬ፣ ድኛለሁ። እሄዳለሁ።”

“አጥንቷ ላይ መስመር አለ” አለች ፀረንሃንድ።

ያንጅማ ፈገግ አለች። “አንዳንድ እናት አለች፣ ልጇ እሷን እንዳታልፋት የምትፈራ። ራሷ ያልታጠፈች፣ ልጇም እንድትገተር የምትፈልግ።”

ያንጅማ ስለዚያ ስለ አርሃንጋዩ ቀን ምንም አታውቅም። እንዲሁ ወርውራ ነው። ግን የት እንዳገኘቻት! ፀረንሃንድ ጆሮዋ ጮኸ፤ የነዚያ ልጆች ሳቅ ከየት መጣ ሳይባል ቤቱን ሞላው።

“ትመጣለች” አለች።

ሴብጂድ እንግዳዋ እስክትወጣ ጠበቀች። “ልጅቱን እዚያ ወስደሽ ከሰበርሻት ወደዚህ ቤት እንዳትመለሺ።”

“ምሰሶዎን ይዘው ይቀመጡ” አለቻት ፀረንሃንድ።

የምርጫው ቀን ባህል አዳራሹ ግጥም ብሏል። ፀረንሃንድ ልጇን ከመድረክ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ታለብሳታለች። ነጭ ጥብቅ ልብስ፣ በብልጭልጭ የተጠለፈ፤ ራሷ ነች የሰፋችው። ሶሎንጎ ፊቷን ተቀብታ ቆንጆ ሆናለች፤ ቆንጆ ማለት ይበቃል? እናቷ ዐሥር ዓመቷ ላይ ሆና በሕልሟ የምታያትን ራሷን ትመስል ነበር።

ልጅቱ ከቦርሳዋ ቁራጭ ጨርቅ አወጣች። “እማዬ፣ እዚህ ጋ እሰሪልኝ። ከጉልበቴ በታች፣ ከካልሲው ሥር። ጠበቅ አድርጊው።”

“ለምን?”

“ዝም ብለሽ እሰሪው። ሲታሰር ዝም ይላል።”

ፀረንሃንድ ተንበርክካ ማሰር ጀመረች። ጣቷ ቅልጥሟ ላይ ሲያርፍ ልጅቱ ትንፋሿን ዋጠች፤ ፊቷ ግን ፈገግ እንዳለ ነው። እንዲህ ፈገግ ማለትን ያንጅማ ነበረች ያስተማረቻት።

“መቼ ጀምሮ ነው የምታስሪው?”

“መምህር ያሳየችኝ ነው። እሷም ታስር ነበር። እማዬ ቶሎ በይ፣ እየጠሩኝ ነው።”

ጨርቁ በፀረንሃንድ እጅ ላይ ቆመ። ብዙ ነገር አላሰበችም፤ የሐኪሟንም ቃል አላሰበችም። ያሰበችው አንድ ነገር ነው፤ ይሄን ቋጠሮ ካሰርኩት የሰበርኳት እኔ ነኝ፣ ያንጅማም አይደለችም፣ ሰማይም አይደለም። ጨርቁን ጣለችው። ተነስታ ልጇን እዚያው ትታ በመጋረጃው አልፋ፣ መብራቱ ዓይኗን እየወጋት፣ መራጮቹ ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ ሳትፈራና ሳትቆጣ የተናገረችው በሕይወቷ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

“ቀጥላ የምትመጣው ልጅ የኔ ናት። አጥንቷ ታሟል። ቅልጥሟ ላይ ስንጥቅ አለ፣ ራጁ እቤት አለ። አትቀበሏት።”

አስተርጓሚው ለእንግዶቹ ሹክ አላቸው። አንደኛዋ ሴትዮ ብዕሯን አስቀመጠች። ከአዳራሹ ጉምጉምታ ተነሳ።

“ውሸቷን ነው!” አለች ያንጅማ ከወንበሯ ለመነሳት እየታገለች። ሁለት ልጆች በብብቷ ይዘው አነሷት። “ቀናተኛ ናት! ልጅቱን ጠይቁ!”

ሶሎንጎ ከመጋረጃው ጫፍ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ቀለሙ በጉንጮቿ ላይ እየወረደ ነው። ማንም አልጠየቃትም። ቀጣይዋን ልጅ ጠሩ፤ ሙዚቃው ተጀመረ።

ወደ ኮረብታው የሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ልጅቱ የተናገረችው ይሄን ነው፦ “አንቺ ነሽ ነጭ ነገር አትብዪ ያልሽኝ። አንቺ ነሽ ሻሽ ያሰርሽልኝ። እኔ ሁሉንም አደረግሁ። ከዚያ አንቺው ተነስተሽ ከለከልሽኝ። እንግዲህ ምኔ ነሽ?”

ፀረንሃንድ በመስኮቱ የሚያልፈውን አጥር ስታይ መንገዱ አለቀ።

ሴብጂድ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷት ኖሮ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ታመሰግናታለች ብሎ የጠበቀ ሰው ሴብጂድን አያውቃትም። “መጨረሻሽ እንዲህ ከሆነ መጀመሪያውን ለምን ወሰድሻት? በሰው ፊት አዋረድሻት” አለች። በዚህ ደግሞ ልክ ነበረች፤ ፀረንሃንድን የበለጠ ያናደዳትም ይኸው ነው።

የሙቀቱ ወራት እንደገባ ልጅቱን አርሃንጋይ፣ ከሴብጂድ ወንድም ዘንድ ላኳት። ይሄን ሁለቱም ተስማሙበት፤ እንዴት እንደተስማሙ አይታወቅም፣ ምክንያቱም ቁጭ ብለው አልተነጋገሩበትም። አንዷ ልብሷን አጣጠፈች፣ አንዷ ስንቋን ቋጠረች። ሶሎንጎ ለአያቷ ጉንጯን ሰጠች። ለእናቷ አልሰጠችም።

ከዚያ ኮረብታው ላይ ዝምታ ሆነ። ላሟ ትታለባለች፣ ጭልፋው ይረጫል፣ መርፌው ይሄዳል። ጎረቤት ቢጣሉ ይሻል ነበር ይል ጀመር።

ሣሩ ቢጫ ሲሆን ሉብሳን የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ከዚያ መጣ። ሴብጂድ ሻይ ቀዳችለት።

“ደህና ናት” አለ ሉብሳን ሻዩን ፉት እያለ። “ፊቷ እንደ ምድጃ ጠቁሯል። ቁመቷ ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ አገጬ ጋ ትደርስ የነበረች ልጅ ዓይን ለዓይን ተያየን። ፈረስ ላይ ያለ ኮርቻ ትወጣለች። ራጅ አንስተዋት ነበር የወረዳው ሐኪሞች፤ መስመሩ ጠፍቷል አሉ።”

ፀረንሃንድ መርፌዋን አስቀመጠች። “መቼ ነው የምታመጣት? ትምህርት ሊከፈት ነው።”

ሹፌሩ ጽዋው ውስጥ አየ። “እዚያው እማራለሁ ብላለች። አልመጣም በልልኝ ነው ያለችኝ።”

ሴብጂድ ፈነዳች።

“አንቺ ነሽ ያባረርሻት! አንዲት የልጅ ልጅ ነበረችኝ!”

“እርስዎ አይደሉ ወንድሜ ዘንድ ትሂድ ብለው ስንቅ የቋጠሩት?”

“ለሙቀቱ ወራት ነው እንጂ ለዕድሜ ልክ ነው ያልኩሽ?”

“እኔስ ብያለሁ?”

“መኪናዬን ብርድ ሳይመታት ልሂድ” አለ ሉብሳን ቆቡን እየፈለገ። “የምነግራት ነገር አለ?”

ፀረንሃንድ ብዙ የምትለው ነበራት፤ መርፌዋን መልሳ አነሳች።

“ጠብታውን በረዶው ሳይጀምር እንድትቀጥል ንገራት” አለች። “ፀሐዩ ይበቃኛል ብላ እንዳትተው። ሐኪሟ ናት ያለችው በላት፤ እኔ ነኝ ካልካት አትወስደውም።”

“ወተቷንም” አለች ሴብጂድ።

“ወተቷንም” አለች ፀረንሃንድ በቁጣ፣ አሮጊቷን ሳታያት።

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም” አለች፤ ሹፌሩም ወጣ። የመኪናው ድምፅ ቁልቁለቱን እስኪወርድ ድረስ ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ሰሙት፤ አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ።